ጣሪያ ታክኮ የሚያልፍ ሰላምታ

አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩ ላይ ዝቅ ብሎ ያለፈ ዕለት ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ የጡረተኛውን መምህር ጉሮሮ እየላጨ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ያቺን ጸጉር ቤት ከከፈተ ወዲህ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ምላጭ» እያለ ስለሚጠራው፣ ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት ዋናውን ስሙን ትታ በዚሁ ትጠራዋለች። መምህሩ አገጩን ወደ ላይ አቅንቶ፣ አንገቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ኩላሊቱ ያወራል። ድንገት ድምፅ መጣ። ድምፅ ማለትም ያንሰዋል፤ ሰማዩ እንደ አቡጀዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተተረተረ ነው የመሰለው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች እርስ በርስ ተንኳኩ። ምላጩ እጁን ሰብሰብ አደረገ፤ መምህሩ ግን ቀድሞት ከወንበሩ ዘሎ ስለነበር ከጆሮው ዝቅ ብሎ ቀጭን ደም ወረደ።

«ጦርነት ነው!» አለና መምህሩ ከነአረፋው ወንበሩ ስር ገባ።

ውጭ መንገዱ ላይ ያለው ሰው እንዳለ ተደፍቷል። አትክልት ሻጯ በሣጥኖቿ መሃል ተወሽቃለች። አንድ ብስክሌት ባለቤቱ ትቶት ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። ከዚያ አውሮፕላኑ ሩቅ ሄዶ ዞረና ተመለሰ፤ አሁን ከፍ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ግራ፣ ክንፉን ወደ ቀኝ እያጋደለ አለፈ። ከጸጉር ቤቱ ጣሪያ ላይ የሴት ጩኸት ተሰማ።

«ልጄ ነው! ፌንጣ ነው! ኧረ ልጄ ነው!»

የምላጩ ሚስት ናት። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከጸጉር ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ጣሪያ የልብስ ማስጫዋ ነው። ፌንጣ አንድ ልጃቸው ነው። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ያልዘለለው አጥር ስላልነበረ ነው፤ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ እያለ እንኳ ከደረጃ ይዘል ነበር። ሲያድግ መሬት አልበቃው ብሎ የጦር አብራሪ ሆነ። የሚያገለግልበት አየር ምድብ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ፈቃድ ማግኘት ደግሞ ከጥርስ መንቀል ይከብዳል። እናቱ ድምፁን በስልክ እየሰማች ፊቱን ስትናፍቅ ነው የከረመችው።

ማታውኑ ደወለ። «እማዬ፣ አየሽኝ?»

«አየሁህ የኔ ጌታ፣ አየሁህ!» አለችና ስልኩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

በማግስቱ ሰፈሩ ድንጋጤውን ወደ ቀልድ ለውጦታል። መምህሩ ፕላስተሩን አንገቱ ላይ ለጥፎ መጣና፣ «ይቺን ቁስል እንዳትንቋት፤ የአየር ኃይል ቁስል ናት» እያለ ለሰው ሁሉ አሳየ። ሌላው ደንበኛ፣ «ጋሽ ምላጭ፣ ልጅዎ ሰማዩን ላጨው እኮ!» አለው። ምላጩ ሳቀ። ውስጡ ሞቀው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው አናት ላይ ቆሞ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ልጁ ደግሞ በሰው ሁሉ አናት ላይ ሲያልፍ ማየቱ ደስ ቢለው ምን ይገርማል? የልጁን የደንብ ልብስ ፎቶ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው።

ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት ይባላል። ፌንጣ ሳቁን ሰማ። ከዚያ ወዲያ የልምምድ በረራው መስመር ወደ ሰፈሩ በቀረበ ቁጥር አስቀድሞ ለእናቱ ይደውላል።

«እማዬ፣ ነጭ ነገር ይዘሽ ጣሪያ ላይ ውጪ። ነጩን ካየሁ እመጣልሻለሁ። ካላየሁ የለሽም ማለት ነው፣ ከፍ ብዬ አልፋለሁ።»

እሷም ጉልበቷን እያመማት፣ የደረጃውን መደገፊያ እየያዘች ትወጣና የአልጋ አንሶላ ዘርግታ ታወዛውዛለች። እሱም ይመጣል። በመጣ ቁጥር ካለፈው ዝቅ ብሎ ነው። አንድ ቀን ምላጩ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ በጣም ከመቅረቡ የተነሳ የልጁን የራስ ቁር አየው፤ ጥቁር ክብ ነገር፣ ዓይን የሌለው። ከኋላው የተቃጠለ ነዳጅ ሽታ መንገዱ ላይ ወረደ። የልብስ ሰፊዋ የመስኮት መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

በዚያው ሰሞን አንዲት አራስ ጎረቤት ልጇን ታቅፋ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ልጄን ሊገድልብኝ ነው። ያ ነገር ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ነው የሚውለው። በር ሲዘጋ ሁሉ ይደነግጣል።»

ምላጩ አፈረ። «እነግረዋለሁ ልጄ። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አላት። ነገረውም።

«አባዬ ደግሞ» አለ ፌንጣ በስልክ እየሳቀ፣ «ከታች ሲታይ ነው እንደዚያ ዝቅ ያለ የሚመስለው። እኔ ከፍታዬን አውቃለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው የሰው መስኮት መሰንጠቁን ነው። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል፣ ልጄ።»

ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። «አትስማው የኔ ጌታ! አባትህ ድሮም ደረጃ ሲወጣ የሚያዞረው ሰው ነው» አለችና ተሳሳቁ። ምላጩም ተወው። እውነቱን ለመናገር፣ የተወው ስላመነው ብቻ አልነበረም። መንገድ ላይ «የአብራሪው አባት» ሲሉት ጀርባው ቀና ይል ነበር፤ ያንን ገና አልጠገበውም።

በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ የስልክ ማማ መተከል ጀመረ። ብረት በብረት ላይ እየተቀጣጠለ በየቀኑ ያድጋል። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከታች ዕቃ በገመድ የሚልክ፣ ሌላው ላይ የሚሰቀል። የሚሰቀለውን «ሸረሪት» ይሉታል። ቀጭን፣ ክንዱ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ጸጉሩን ሊስተካከል ይመጣና ወንበሩ ላይ እግሩን ያወዛውዛል።

«ጋሼ፣ ከላይ ሆኜ ሳይ የዚህን ሰፈር በራ ሁሉ አውቄዋለሁ፤ ኮፍያ የሚያደርገውንም ጭምር» ይላል። «ባለቤቴ ‹መቼ ነው እንደ ሰው ምድር ላይ የምትሠራው?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ምድር ላይ አለቃ ይበዛል እላታለሁ።»

አንድ ምሽት ምላጩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ማማውን አየው። ብረቱ ፌንጣ በሚመጣበት በኩል፣ ልክ ከጣሪያቸው ፊት ለፊት ነው የቆመው።

«ስሚ» አላት ሚስቱን፣ «ልጁ ሲደውል ስለ ማማው ንገሪው። ባለፈው ሲያልፍ አልነበረም።»

«እነግረዋለሁ» አለች ልብስ እያጣጠፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጸጉር ቤቱ ሞልቷል። መምህሩ ወንበሩ ላይ ነው፤ ምላጩ በቶንዶስ የራሱን ግማሽ ጨርሶ ወደ ሌላው ሊዞር ሲል መምህሩ ጆሮውን ወደ ጣሪያው አቀና።

«ሚስትህ ዛሬ ታንጎራጉራለች። ልጅህ ሊያልፍ ነው እንዴ?»

ምላጩ ቶንዶሱን አጠፋና ወደ ደረጃው ስር ሄደ። «አንቺ! ልጁ ደውሎ ነበር?»

«ሌሊት ደወለ! አንተ ተኝተህ ነበር። አሁን ይደርሳል!» ድምፅዋ ከላይኛው ደረጃ ነው።

«ስለ ማማው ነገርሽው አይደል?»

«ኧረ ረሳሁት! መስመሩም ቶሎ ተቆረጠብኝ። ማታ ሲደውል እነግረዋለሁ። ደግሞስ ያን የሚያህል ብረት፣ ዓይን የለውም እንዴ እሱ?» ሳቋ ከበሩ መዘጋት ጋር ጠፋ።

ምላጩ ወጥቶ ቀና ሲል ሸረሪት ማማው ጫፍ ላይ ነው፤ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ብረት ይቆርጣል፣ የእሳት ፍንጣሪው ከእጁ ስር ይዘንባል። ጆሮው ላይ ትልልቅ የድምፅ መከላከያ አድርጓል። ምላጩ ስልኩን አወጣ። የልጁ ስልክ ዝግ ነው። ለቤተሰብ ተብሎ ወደተሰጣቸው የአየር ምድቡ ቁጥር ደወለ።

«በረራ ላይ ያለ ሰው አይገኝም፤ ሰኞ ይደውሉ» አለው አንድ ወጣት ድምፅ።

«ሰኞ? አሁን ሰው ሊሞት ነው! ወደ ላይ በል በሉት፣ ማማ አለ በሉት—»

«ማን ልበል?»

«አባቱ ነኝ! ጸጉር አስተካካይ ነኝ!»

«ጸጉር አስተካካይ» አለ ድምፁ፤ ሌላ ሰው ከጀርባ ሲስቅ ተሰማ፤ መስመሩ ተዘጋ።

መምህሩ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ራሱ ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ ጎፍሮ፣ አጠገቡ ቆሟል። ነገሩ ሳይነገረው ገብቶታል። «እኔ ወደ ሠራተኞቹ እሄዳለሁ፣ አንተ ወደ ሚስትህ! አንሶላውን ካላየ አይመጣም ብለኸኝ የለ?» አለና ዕድሜውን ረስቶ መንገዱን በሩጫ አቋረጠ።

ምላጩ ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። የጣሪያውን በር በትከሻው ገፍቶ ሲወጣ ሚስቱ ጫፉ ላይ ቆማ አንሶላውን በሁለት እጇ ዘርግታለች፤ ነፋሱ እንደ ሸራ ነፍቶታል።

«አውርጂው!»

«ምን ሆንክ? እዚያ ጋ ነው እኮ፣ እየው!»

አየው። ከሕንፃዎቹ ማዶ፣ ከአድማሱ በላይ፣ ድምፅ የሌለው ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ወደ ጎን አይሄድም፤ ባለበት ሆኖ ይወፍራል። ምላጩ የሚስቱን አገጭ ይዞ ወደ ማማው አዞረው። ያኔ ሰውየውን አየች፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ ጀርባውን ለሰማዩ ሰጥቶ፣ የእሳት ፍንጣሪ ሲበትን። ነጥቡን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

አንሶላውን ጠቅልላ ስትጥል ምላጩ ወደ ኋላ ዞረ። ቅዳሜ ነው፤ ልብስ የሚታጠብበት ቀን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመዱ ላይ የተሰጣው ሁሉ ነጭ ነው፤ የጸጉር ቤቱ ፎጣዎች፣ አንሶላዎች፣ የትራስ ልብሶች፣ የሱ ሸሚዞች። ጣሪያው በሙሉ «እዚህ ነኝ፣ ና» እያለ ይውለበለባል።

«በጥሺው!» አለ። ሁለቱም ገመዱ ላይ ተረባረቡ። መቆንጠጫዎቹ እየተፈናጠሩ ፊታቸውን ይመቱታል። እርጥቡ ጨርቅ ከበዳቸው፤ አንዱን ሲጥሉ ነፋሱ ሌላውን ያነሳዋል። ሚስቱ «ወይኔ ልጄ፣ ወይኔ የሰው ልጅ» እያለች በጥርሷም በእጇም ትጎትታለች። ምላጩ የገመዱን ቋጠሮ ሊፈታ ቢሞክር በእርጥበት ጠብቆ እምቢ አለው። ኪሱ ውስጥ ያለው መቀስ ትዝ ሲለው አወጣና ገመዱን ቆረጠው። ልብሱ ሁሉ በአንዴ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሁለቱም ላዩ ላይ ተደፉበት፤ በደረታቸው፣ በእጃቸው፣ በእግራቸው ነጩን ሸፈኑት።

ምላጩ ቀና አለ። አውሮፕላኑ አሁን አፍንጫ አለው፣ ክንፍ አለው። አሁንም ይመጣል። ማዶ፣ የሕንፃው ጣሪያ ላይ መምህሩ ፎጣውን እያወዛወዘ ሲዘል፣ የሸረሪት ባልደረባ የዕቃውን ገመድ በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት ታየው። ሸረሪት ወደ ታች አየ። ምሳ ደረሰ የተባለ መስሎት ነው መሰል፣ እጁን «ቆይ» ብሎ አነሳ።

«ተነስ» አለ ምላጩ ጥርሱን ነክሶ። «ወደ ላይ በል። የለንም። እናትህ የለችም። ወደ ላይ በል አንተ ልጅ።»

መጨረሻ ላይ፣ አበቃ ብሎ ባመነበት ሰዓት፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀና አለ። ግራጫው ሆዱ በሙሉ ታየ፤ ሰማዩን ሸፈነው። ከዚያ ድምፁ መጣ። ድምፁ በጆሮ የሚገባ አልነበረም፤ ጀርባቸውን ረግጦ ከወለሉ ጋር ያጣበቃቸው ነገር ነው። ሚስቱ አፏን ከፍታ ስትጮኽ አያት፤ ጩኸቷን ግን አልሰማውም።

ብረቱን አልነካውም። ጥሎት የሄደው ነፋስ ግን ነካው። ገና ከአንድ ወገን ብቻ የተወጠረው ማማ እንደ ሸምበቆ ዘመመ፤ ከወጠሩት የብረት ገመዶች አንዱ ተበጥሶ አየሩን እንደ አለንጋ ገመሰው። ሸረሪት ከቆመበት ተወርውሮ በቀበቶው ተዘቅዝቆ ተንጠለጠለ፤ ማማው ሲመለስ ከብረቱ ጋር ተላተመ፣ እንደገና ተላተመ። የብረት መቁረጫው አራት ፎቅ ወርዶ መንገዱ ላይ ተበተነ። ደግነቱ ከታች ሰው አልነበረም።

ሲያወርዱት ነፍሱ ነበረች። ምላጩ ሕንፃው በር ላይ ደረሰና ሽርጡን ቀዶ የተሰበረ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰረለት። ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። ሸረሪት የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ ነው የሚናገረው።

«ምን ነበር? ጋሼ፣ ምን ነበር እሱ?»

ምላጩ የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲያጠብቅ እጁ ላይ የነበረው እርጥበት እንባ ይሁን ላብ አልለየውም።

ማታ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ አነሳችው።

«እማዬ፣ ዛሬ የት ሄድሽ?» የፌንጣ ድምፅ ደስ ብሎታል። «አይቼሽ ነበር፣ ከዚያ ድንገት አጣሁሽ። መጨረሻ ላይ ነው አውሮፕላኗን ያነሳኋት። ቅር ብሎኝ ዋለ።»

ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

«ማማውን አላየኸውም?» አለ ምላጩ።

«የምን ማማ?»

ነገረው። ከዚያ በኋላ የልጁ ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ነጩን ብቻ ነበር የማየው» አለ። «አባዬ፣ አንሶላውን ብቻ ነበር የማየው።»

«ነገ ለአለቆችህ ራስህ ንገራቸው።»

«እዚህ ማንም አላወቀም እኮ። ማማውን ነፋስ ነው የመታው ይባላል። ከተናገርኩ መሬት ላይ ነው የሚያስቀሩኝ። ደግሜ አልሠራውም፣ እምልልሃለሁ። አባዬ፣ በሞትኩት፣ እንዳትናገር።»

«ይህንን ለሸረሪት ንገረው» አለ ምላጩና ዘጋው።

ምላጩ «እሱ ካልነገራቸው እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» በማለቱ ያን ምሽት ባልና ሚስት ተጣሉ። «በገዛ እጃችን?» አለች። «ከእጃችን በልቶ ያደገውን፣ በገዛ እጃችን ገደል ልንከተው? ማለ እኮ! ደግሞ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ነገ ሌላ ቦታ፣ ለሌላ ሰው ሊታይ ሲል ማን ገመድ ይቆርጥለታል? ሰፈሩ አሳየን ስላለው ነው እዚህ የደረሰው። እኛም አሳየን ስላልነው ነው።»

«ሂዳ! ሂድና ሽጠው!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰኞ ጠዋት ምላጩ ኮቱን ለብሶ ወደ አውቶቡስ መሳፈሪያው ሊወጣ ሲል፣ ሚስቱ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። «ብቻህን አትሄድም» አለች። መንገዱን ሙሉ ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

የአየር ምድቡ አዛዥ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሰጣቸው። ምላጩ መናገር ሲጀምር ሚስቱ ተቀበለችው። የመጀመሪያውን ቀን፣ አንሶላውን፣ አራሷን፣ ማማውን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

«ወላጆች እዚህ የሚመጡት ለልጃቸው ፈቃድ ሊለምኑ ነው» አለ አዛዡ ሰምቶ ሲጨርስ። «ልጃችንን ክሰሱልን ብሎ የመጣ ግን አይቼ አላውቅም።»

«ክሰሱት አላልኩም» አለች። «የጠራሁት እኔ ነኝ። አውርዱልኝ ነው ያልኩት።»

አዛዡ ፌንጣን አስጠራው። ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ እናትና አባቱን አየ። ጉንጩ ላይ አንድ ጅማት ተንቀሳቀሰች እንጂ ሌላ ነገር አልታየበትም። «እውነት ነው?» ሲለው «እውነት ነው ጌታዬ» አለ። ሲወጣ ወደ እነሱ ዞሮ አላየም። እናቱ እጇን ዘርግታ ነበር፤ አየሩ ላይ ቀረ።

ምርመራው ወራት ፈጀ። ከሠራዊቱ አላስወጡትም፤ ተዋጊ ጄት ላይ ግን ዳግመኛ እንዳይወጣ ተወሰነበት። እሱም ስልክ መደወል ተወ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አራሷ መጥታ የምላጩን ትከሻ ስማ ሄደች፤ «ልጁን ለአለቃ ያቀበለ» ብሎ ጸጉር ቤት የቀየረም ነበር። አንዱ ደንበኛ ፎቶው ስር ተቀምጦ «ይሄንንስ ለምን አታወርደውም?» ቢለው፣ መምህሩ ከተጠባባቂዎች ወንበር ላይ፣ «ልጁ ነው፤ ምን አገባህ አንተ?» ብሎ ጮኸበት። ሚስትየው ልብስ ስታሰጣ ቀና ብላ ማየት ትታለች። ሌሊት ግን አንዳንዴ ምላጩ ይነቃና አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን ስታየው ያገኛታል።

ፌንጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ መጣ። ከስቷል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እጁን ጀርባዋ ላይ አኑሮ ቆመ። ከአባቱ ጋር «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባባሉ። ሁለት ቀን በዚያው መልክ፣ እንደ አንድ ክፍል ተከራዮች፣ እየተላለፉ ዋሉ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ምላጩ ሱቁን ሊከፍት ሲወርድ ፌንጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«የሰውየው ቤት የት ነው?» አለ።

ሸረሪት ከሥራው ወጥቶ ሰፈሩ ጫፍ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው የሚውለው። ክንዱ ድኗል፤ ጆሮው አልዳነም፤ ከፍታ ላይ መውጣት ተከልክሏል። ሚስቱ በሩን ስትከፍት የፌንጣን የጸጉር አቆራረጥና የትከሻውን አቋም አየችና ማን እንደሆነ ገባት። በሩን መልሳ ዘጋችው። ምላጩ ሊመለስ ዞረ። ፌንጣ ግን አልተነቃነቀም። እዚያው ቆመ፤ ፀሐዩ ከግድግዳው ላይ እስኪሸሽ ድረስ ቆመ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ «ግባ» አላለችም፤ ብቻ ከበሩ ዘወር አለችና እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች።

ምላጩ ከደጃፉ አልገባም። ይህ የእሱ እንዳልሆነ ገብቶታል። በክፍቱ በር በኩል ግን ያያል። ሸረሪት ሶፋው ላይ ተቀምጦ አሮጌ ሬዲዮ ፈታቶ ይጠግናል። ፌንጣ በግራው በኩል፣ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን እያየ መናገር ጀመረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ምላጩ ቃላቱን ሁሉ አልያዛቸውም፤ «አላየሁህም» የሚለውንና «መናገር ፈርቼ» የሚለውን ብቻ ሰማ። ሲጨርስ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር። እንደዚያ የከበደውን ነገር አውጥቶ የጨረሰ ሰው የሚተነፍሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ።

ሸረሪት የሬዲዮውን ብሎን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

«አንድ ነገር እንደተናገርክ ከአፍህ አይቻለሁ» አለ። «ግን በዚህ ጆሮዬ አልሰማም። ወዲህ ናና በዚህኛው በኩል ተቀመጥ። እንደገና ንገረኝ፣ ጮክ ብለህ፤ እሷም ትስማው።»

ፌንጣ ተነሳ። ሶፋውን ዞሮ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። አንዴ ወደ በሩ፣ ወደ አባቱ አየ፤ ያን ያህል ወር ሲሸሸው የከረመውን ዓይን። ከዚያ ወደ ሸረሪት ዞረና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጮክ ብሎ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ።